ጄልኮት ምንድን ነው?

ፋይበርግላስ ጀልባ ላይ የሚያብረቀርቀው ነጭ ገጽ ቀለም ይመስላል እንጂ ቀለም አይደለም። ጄልኮት ይባላል፤ የቀለም ዱቄት የገባበት ወፍራም ፖሊስተር ሬዚን (ሲቀላቀል የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ) ነው። ጀልባው ሲሠራ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ መጀመሪያ የሚረጨው እሱ ነው፤ የመስታወት ክሩና ሬዚኑ ከኋላው ይደረባሉ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ጅማ ባሕር ባይኖራትም ግልገል ጊቤ ግድብ ሩቅ ስላልሆነ ጀልባ ለጥገና ሊመጣ ይችላል። ያረጀ ባለ ሸራ ጀልባም ይሁን የዓሣ ማስገሪያ፣ የጄልኮቱ ጠባይ አንድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጥገናው ባጃጅ በሚቀባበት ልማድ ሲሠራ ነው።

መጀመሪያ የደበዘዘው ገጽ በጣት ይታሻል። ነጭ ዱቄት ጣት ላይ ከቀረ ፀሐይ የላይኛውን ሽፋን በልታዋለች ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ቀለሙ ደምቆ ሲደርቅ እንደገና ከደበዘዘ፣ ሥሩ ገና ደህና ነውና አዲስ ጄልኮት አያስፈልገውም። በሳሙና ታጥቦ፣ በውሃ እየራሰ በ800፣ በ1000፣ በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከዚያ ኮምፓውንድ (ማወልወያ ቅባት)፣ ከዚያ ሰም። ጠርዝና ማዕዘን ላይ እጅ ይቅለል፤ ቶሎ የሚሳሳው እዚያ ነው። የመስታወቱ ክር ጥላ መታየት ከጀመረ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ የሚወለወል ነገር የለም።

ሲሳሳ ወይም ሲሰነጠቅ ነው አዲስ የሚቀባው። ስንጥቁ በስለት እንደ ቦይ ተከፍቶ ይሞላል፤ ላዩን ብቻ ከተለሰነ በወሩ ይመለሳል። ስንጥቁ ከአንድ ነጥብ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ከተበተነ ደግሞ ከሥር የሚንቀሳቀስ ቦታ ስላለ መጀመሪያ እሱ ይጠናከር። ገጹ በ120 ቁጥር ተፈግፍጎ በአሴቶን ይጠረጋል። ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ግራም ገደማ ጄልኮት ይበቃል፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር። ሃርድነሩ (ጄልኮቱን የሚያጠነክረው ኬሚካል) ከጄልኮቱ ክብደት 2 በመቶ ነው፦ ለ200 ግራም 4 ግራም። በዓይን ግምት አይሆንም። ከ1 በመቶ በታች ከወረደ በትክክል አይጠነክርም፤ ሲበዛ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ሃርድነሩ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ሳያደርጉ ጠርሙሱን አይክፈቱ።

ቲነር ፈጽሞ አይግባበት። የመኪና ቀለም ውስጥ ያለው ቲነር ተንኖ ይወጣል፤ ጄልኮት ግን ሳይደርቅ በኬሚካል ስለሚጠነክር ቲነሩ ውስጡ ታስሮ ይቀራል፤ ቀዳዳም ያበጃል፣ ቀለሙንም ያደበዝዛል።

ሌላው ጠባዩ አየር መፍራቱ ነው። ተራ ጄልኮት አየር የነካው ገጹ ተጣባቂ እንደሆነ ይቀራል፤ ብዙ ሰው «ሃርድነሩ አነሰ» ብሎ የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው መሸፈን ነው። ለትንሽ ጥገና ንጹሕ ፕላስቲክ ያለ አየር አረፋ ይለጠፍበታል፤ ለሰፊ ገጽ ለጄልኮት የተዘጋጀ ፈሳሽ ሰም በመጨረሻው ዙር ብቻ ይቀላቀላል። ሰሙ በመጀመሪያው ዙር ከገባ ግን ቀጣዩ ዙር አይይዝም።

የጅማ አየር ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። ከ15 ዲግሪ በታች ጄልኮት ስለሚያንቀላፋ፣ ጤዛ ያለበት ገጽም ስለማይይዝ፣ ማለዳ አይቀባም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተጀምሮ ከሰዓት ሳይገፋ ይጠናቀቅ። በክረምት ጣራ ከሌለ ሥራው ይቆይ።

ከውሃ መስመር በታች ያለው እብጠት ግን የጄልኮት ሥራ አይደለም። ሲበሳ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ውሃ ውስጡ ገብቷል፤ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ለሳምንታት ደርቆ በኤፖክሲ (ሌላ ዓይነት ሬዚን) ይሞላል። በኤፖክሲው ላይ ጄልኮት በአስተማማኝ አይይዝም፤ እዚያ ላይ የሚቀባው የኤፖክሲ ፕራይመር ነው።