የዘር ሕዋስ ዕጢ አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

ስሙ (በእንግሊዝኛ «ጀርም ሴል ቱመር») ሁለት ጊዜ ያሳስታል። «ጀርም» ሲባል የሰማ ሰው ተላላፊ በሽታ ይመስለዋል፤ «ዘር» ሲባል የሰማ ደግሞ ከቤተሰብ የወረደ ነው ብሎ ይሰጋል። ተላላፊ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም በውርስ አይመጣም። ስያሜው የተወሰደው በኋላ የወንድ ዘር ወይም የሴት እንቁላል ከሚሆኑት ሕዋሳት ነው። ፅንሱ ገና ሲፈጠር እነዚህ ሕዋሳት ወደ ቦታቸው ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ መንገድ ስተው በአንጎል መካከል ይቀሩና ከዓመታት በኋላ ዕጢ ይሆናሉ ተብሎ ይታመናል። በብዛት የሚታየው በልጆችና በወጣቶች ላይ ነው።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዓይነቱ ነው። ጀርሚኖማ የተባለው ለጨረር ሕክምና በቀላሉ ስለሚሸነፍ ከ10 ታማሚዎች 9 ያህሉ ይድናሉ። ስለዚህ ትልቁ ጭንቀት በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ከጨረሩ ጉዳት መጠበቅ ሆኗል፤ ብዙ ሐኪሞች ኬሞቴራፒ አስቀድመው የጨረሩን መጠን የሚቀንሱትም ለዚህ ነው። የአስኳል ከረጢት ዕጢና ኮሪዮካርሲኖማ ግን ጠንከር ያለ ኬሞቴራፒ፣ ከፍ ያለ ጨረር፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይሻሉ። የበሰለ ቴራቶማ በዋናነት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አንድ ዕጢ ከእነዚህ የተቀላቀለ ሊሆንም ይችላል።

ዓይነቱን ለመለየት በደምና በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ኤኤፍፒ እና ቤታ ኤችሲጂ የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይለካሉ። ኤኤፍፒ በግልጽ ከፍ ካለ ዕጢው ንጹሕ ጀርሚኖማ አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሌሊት ሳይቀር ውኃ ከጠማውና ሽንት ከበዛበት፣ የስኳር ምርመራውም ደህና ከሆነ፣ ነገሩ የዚህ ዕጢ ምልክት ሊሆን ስለሚችል እንደ ልማድ አትለፉት።