ኳሱ የተማሪዎቹ ነበር፦ የኮሌጅ ሕይወትና ስፖርት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ

በ1820ዎቹ (ቀንና ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ቀኑን የሚጀምረው ገና ሳይነጋ፣ በደወል ድምፅ ነው። በብርዱ ተነሥቶ ጸሎት ቤት ይገባል። መቅረት ያስቀጣል። ከዚያ ላቲን፣ ግሪክኛና ሒሳብ ይከተላሉ። መምህሩ ስም ይጠራል፣ የተጠራው ተነሥቶ ትምህርቱን በቃሉ ይወጣል። ማታም ዕረፍት የለም። ወጣት መምህራን እዚያው ዶርም ውስጥ እየኖሩ ተማሪውን ይጠብቁታል።

ይህ ሁሉ ቁጥጥር አመፅ ይወልድ ነበር። በ1828 የዬል ኮሌጅ ተማሪዎች በምግቡ ተማርረው አደሙ። ካምፓስ የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በ1830 ደግሞ እዚያው ዬል የጂኦሜትሪ ፈተና አሠጣጥ ተለወጠ። ተማሪዎቹ ሥዕሉን ከመጽሐፍ እያዩ ማስረዳት ቀርቶ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ እንዲሥሉ ታዘዙ። እምቢ አሉ። ከ40 በላይ የሚሆኑት ተባረሩ።

ታዲያ ተማሪው የራሴ የሚለውን ነገር ከክፍል ውጭ ፈለገ። የክርክር ማኅበራትን አቋቋመ፣ የራሳቸው ቤተ መጻሕፍትም ነበራቸው። ከ1825 በኋላ ከዩኒየን ኮሌጅ ተነሥተው በግሪክ ፊደል የሚጠሩ ምስጢራዊ ማኅበራት ተስፋፉ። ስፖርቱም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ዛሬ ቢሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስበት የኮሌጅ ስፖርት በፕሮፌሰሮች ዕቅድ አልተጀመረም። ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ አምበላቸውን ራሳቸው መርጠው የፈጠሩት ነው።

አጀማመሩ ጨዋነት የጎደለው ነበር። በሃርቫርድ የዓመቱ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሰኞ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ፍሬሾቹን በኳስ ሰበብ ይደበድቧቸው ነበር። ቀኑም «የደም ሰኞ» ተባለ። ኮሌጁ በ1860 ጨዋታውን ከለከለ። ተማሪዎቹ ኳሷን በሬሳ ሣጥን አድርገው፣ በሙሉ የቀብር ሥርዓት ቀበሯት።

በኮሌጆች መካከል የመጀመሪያው ውድድር ግን የጀልባ ቀዘፋ ነው። ነሐሴ 3 ቀን 1852 ሃርቫርድና ዬል በኒው ሃምፕሸር፣ ዊኒፔሶኪ ሐይቅ ላይ ተፎካከሩ። ወጪውን የሸፈነው መንገደኛ የፈለገ የባቡር ኩባንያ ነበር። ሃርቫርድ አሸነፈ። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ እንደነበረ ልብ በሉ። በ1859 አምኸርስት ዊሊያምስን በቤዝቦል 73 ለ 32 ረታ። በማግስቱ ሁለቱ በቼዝ ተጋጠሙ፣ በዚያም አምኸርስት አሸነፈ።

ቀጥሎ ፉትቦል መጣ። ኅዳር 6 ቀን 1869 ራትገርስና ፕሪንስተን በኒው ብሩንስዊክ ገጠሙ። በየወገኑ 25 ተጫዋች ነበር። ኳሱን ይዞ መሮጥ ክልክል ስለነበር ጨዋታው ከዛሬው የአሜሪካን ፉትቦል ይልቅ ለእኛው እግር ኳስ ይቀርባል። ራትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። በሳምንቱ ፕሪንስተን 8 ለ 0 መለሰለት።

ጨዋታውን የለወጠው ከካናዳ የመጣ እንግዳ ነው። በ1874 የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወደ ሃርቫርድ ሄዶ በራግቢ ሕግ ተጫወተ። የሃርቫርድ ልጆች ኳስ ይዞ መሮጡን ወደዱት። ከዚያ የዬሉ ተጫዋች ዋልተር ካምፕ ሕጉን እየቀረጸ አሁን ወደምናውቀው መልክ አመጣው። በ1880 ተጫዋቾቹ በየወገኑ 11 ሆኑ። በ1882 ደግሞ በሦስት ሙከራ 5 ያርድ (4.5 ሜትር ገደማ) ያልተራመደ ቡድን ኳሱን እንዲለቅ ተወሰነ።

ጭካኔው ግን አልቀነሰም። በ1894 በስፕሪንግፊልድ የተደረገው የሃርቫርድና የዬል ግጥሚያ ብዙ ተጫዋቾች ስለተጎዱበት ሁለቱ ለሁለት ዓመት ሳይገናኙ ቀሩ።

ጥቁር ተማሪዎች በአብዛኞቹ ኮሌጆች ቦታ አልነበራቸውም። ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች የተወለደው ዊሊያም ኸንሪ ልዊስ ግን በ1891 የአምኸርስት አምበል ሆነ። በሃርቫርድ ሕግ እየተማረም ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ተርታ ገባ። በ1892 ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በኖርዝ ካሮላይና በረዶ እየጣለ፣ የጥቁሮቹ ኮሌጆች ቢድልና ሊቪንግስተን የራሳቸውን የመጀመሪያ ግጥሚያ አደረጉ። ቢድል አሸነፈ።

በዚያው ዓመት አዲሱ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሞስ አሎንዞ ስታግን በመምህርነት ማዕረግ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። የተማሪው ጨዋታ ቀስ በቀስ የተቋሙ ንብረት እየሆነ ሄደ።

ሴቶቹ ግን ገና መጀመራቸው ነበር። ጄምስ ናይስሚዝ ቅርጫት ኳስን በ1891 ፈጠረ። ወዲያው በስሚዝ ኮሌጅ ሴንዳ በረንሰን ለሴቶች እንዲስማማ አድርጋ አስተማረችው። ሚያዝያ 1896 የስታንፎርድና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶች ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተጋጠሙ። ወንድ ተመልካች አይገባም ተባለ። አዳራሹን የሞሉት ሴቶች ነበሩ። ስታንፎርድ 2 ለ 1 አሸነፈ።