«ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል»፦ ከየት መጣ? ምን ማለት ነው?

ይህ አባባል ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ አንድ ቅጥያ ይወድቅበታል። «ክፉ ባልንጀራ መልካሙን አመል ያጠፋል» ይባላል። ትንሽ ለውጥ ቢመስልም ትርጉሙን ያዞረዋል። «ባልንጀራ» ካልን ጥፋቱ በአንድ ሰው ላይ ያርፋል፤ ያ ሰው ክፉ ነው ብለን ፈርደናል። «ባልንጀርነት» ስንል ግን የሚመረመረው በሰዎቹ መካከል ያለው ነገር ነው፦ አብሮ መዋሉ፣ ጨዋታው፣ በየቀኑ የሚደጋገመው ወሬ። የአባባሉ ታሪክም የሚመሰክረው ለሁለተኛው ነው።

አማርኛ ተናጋሪው ቃሉን የሚያውቀው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥33 ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን መልእክት ከኤፌሶን ሆኖ የጻፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ50ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ ነው። አባባሉ ግን የራሱ ድርሰት አይደለም። በግሪክኛው ሲነበብ በአቴና ቲያትር ተዋንያን በሚናገሩበት የግጥም ምጣኔ ላይ ልክ ይገጥማል። ጥንታዊው ሊቅ ጄሮም መስመሩን የሜናንድሮስ ነው ብሎታል። ሜናንድሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተወለደ የአቴና ኮሜዲ ጸሐፊ ሲሆን፣ መስመሩ የሚገኝበት «ታይስ» የተባለው ተውኔቱ ዛሬ በቁርጥራጭ ብቻ ነው የቀረው። ከጥንት ጸሐፊዎች መካከል የሌላው የአቴና ተውኔት ጸሐፊ የዩሪፒደስ ነው ያለም አለ። ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 17፥28 ለአቴና ሰዎች ሲናገር የጠቀሰው ከባለቅኔዎቻቸው መሆኑን ያስታውቃል፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ግን እንዲህ ያለ መግቢያ አላስፈለገውም። ያኔም በሰው አፍ የሚዘዋወር ተረት ሆኖ የነበረ ይመስላል። ከፊቱ ያለው «አትሳቱ» ብቻ የጳውሎስ ነው።

የተጠቀሰበት ቦታ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ምዕራፍ 15 ስለ መጥፎ ጓደኛ አይደለም፤ ስለ ሙታን ትንሣኤ ነው። ቁጥር 12 ላይ «ከእናንተ አንዳንዶቹ» ትንሣኤ ሙታን የለም እንደሚሉ ይናገራል። «ከእናንተ» የሚለውን ልብ ይሏል፦ ክፉው ባልንጀርነት ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ በዚያው ማኅበር ውስጥ፣ አብረው በሚሰበሰቡ ሰዎች መካከል የነበረ ነው። ቁጥር 32 ላይ ደግሞ ትንሣኤ ከሌለ የሚከተለውን ኑሮ ከኢሳይያስ 22፥13 ወስዶ «እንብላና እንጠጣ፣ ነገ እንሞታለንና» ይላል። አባባሉ የሚመጣው ወዲያው ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ጳውሎስን ያሳሰበው ተደጋግሞ የሚሰማ ንግግር መጀመሪያ እምነትን፣ ቀጥሎ ኑሮን ማላላቱ ነው።

ግሪክኛው «ሆሚሊያ» ይላል፤ ያውም በብዙ ቁጥር። ቃሉ አብሮ መሆንን፣ መገናኘትን፣ መነጋገርንም ይይዛል፤ ለስብከት የሚውለው «ሆሚሊ» የመጣውም ከዚሁ ነው። ተርጓሚዎች አንዱን ጎን መምረጥ ነበረባቸው። ቩልጌት የተባለው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ንግግርን መረጠ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ ትርጉምም «ክፉ ንግግር» ወደሚለው አዘነበለ። በ1881 የወጣው የታረመ ትርጉም ግን «ካምፓኒ» (አብሮ መዋል፣ ጓደኝነት) የሚለውን ቃል አስገባ፤ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ አባባሉ የሚታወቀው በዚህ ቃል ነው። የ«ካምፓኒ» ሥር «ከ… ጋር» እና «ዳቦ» የሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት ናቸው፤ ዳቦ ተካፋይነት ማለት ነው። የአማርኛው «ባልንጀራ» ከ«ባለ እንጀራ» የመጣ ነው ተብሎ ስለሚተነተን፣ የአማርኛው ተርጓሚ የመረጠው ቃል እጅግ የቀረበ ነው። የጎደለው የንግግሩ ጎን ብቻ ነው፤ አንባቢ ያን በልቡ ቢጨምርበት ይጠቀማል።

«ያጠፋል» የሚለውም ማብራሪያ ይሻል። የግሪክኛው ግሥ እየበሰበሱ መበላሸትንም ይጨምራል፤ በዚሁ መልእክት 3፥17 ቤተ መቅደስን ስለማፍረስ የተነገረው ይኸው ግሥ ነው። «አመል» ደግሞ ዛሬ «አመለኛ» ስንል ወደ መጥፎ ቢያደላም፣ እዚህ የተደላደለ ልማድን፣ ጠባይን ነው የሚያመለክተው።

ከዚህ ተነሥተን ከዘመዶቹ ተረቶች መለየት ይቻላል። «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚለው ያልነበረ ክፉ ልማድ ስለመቅሰም ነው። «ጓደኛህን ንገረኝ፣ ማንነትህን ልንገርህ» የሚለው ሰውን በውሎው ስለመመዘን ነው። የእኛው አባባል ግን የነበረን መልካም ነገር ስለማጣት ነው፤ የሚነገረውም መልካም አመል ላለው ሰው ነው። ስለዚህ ወጣትን ስንመክርበት «ጓደኛህ ብልሹ ነው» ብሎ መጀመር አያዋጣም፤ ጓደኛውን ለመከላከል ይነሣል፣ ምክሩም እዚያው ይቀራል። የሚሻለው የነበረውን መልካም ልማድ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው፦ ቃልህን ትጠብቅ ነበር፣ ሥራህን በሰዓቱ ትጨርስ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ ላላ? ለውጡ ብዙውን ጊዜ በአነጋገር ይጀምራል፤ ቀጥሎ ቀድሞ ያሳፍር የነበረው ነገር ማሳቅ ይጀምራል፤ ድርጊቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ድርጊቱን የጠበቀ መካሪ ዘግይቷል።

ትልቁ አላግባብ አጠቃቀም አባባሉን የወደቀን ሰው ለመሸሽ ምክንያት ማድረግ ነው። ጳውሎስ በዚያው መልእክት 5፥10 ላይ ከዓለም ኃጢአተኞች ጋር ጨርሶ አትገናኙ ማለቱ እንዳልሆነ፣ እንዲያ ቢሆን ከዓለም መውጣት ግድ ይሆን እንደነበር ይጽፋል። የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት፣ በሱስ የተያዘን ወንድም መደገፍ ክፉ ባልንጀርነት አይባልም፤ እዚያ ቤት ሲገባ ማን የማንን ንግግር እየተቀበለ እንደሆነ መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል። አባባሉን ገልብጦ «መልካም ባልንጀርነት ክፉን አመል ያጠፋል» ማለትም ከዚህ ጥቅስ አይወጣም። እውነት ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ግን ያን አይልም።