«ድሬ ቆላ ናት፣ አውሮፕላን አይከብደውም»፦ ስለ ተራራ አገር በረራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከድሬ ሐረር በመኪና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ የወጣ ሰው «በአውሮፕላን ቢሆን እኮ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» ማለቱ አይቀርም። በርጫው ሲደራ ደግሞ ሐረር ዙሪያ ሜዳ ተመርጦ አውሮፕላን ሲያርፍበት ይውላል። (ለነገሩ «ሐረር ሜዳ» የሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር ያለው ቢሾፍቱ ነው። የሐረር ሰው የሚሳፈረው ከድሬዳዋ ነው።) እዚህ የምናነሳው ትልልቁን ጄት አይደለም። ሴስና 206፣ ካራቫንና ትዊን ኦተርን የመሳሰሉት፣ ተጠርጎ በተስተካከለ አፈር ላይ የሚያርፉት ትናንሽ አውሮፕላኖች በፓፑዋ ኒው ጊኒ ጋራዎችም ሆነ በእኛ ቆላና ደጋ የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው።

«ድሬ ቆላ ናት፣ ለአውሮፕላን ትቀላለች»

ካርታ ብቻ ካየን እውነት ይመስላል። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,167 ሜትር ላይ ነው፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,885። ክንፉን የሚያነሳው ግን የአየሩ ውፍረት ነው፤ ሙቀት ደግሞ አየርን ያሳሳል።

ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። መደበኛው ሙቀት በባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ሲሆን በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሳል። ድሬ 3,827 ጫማ ላይ ስለሆነች መደበኛዋ 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን በ27 ዲግሪ ተኩል አልፋዋለች። ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ ከፍታው ላይ 120 ጫማ ይጨመራል፣ 3,300 ጫማ ይሆናል። ድምሩ ከ7,100 ጫማ ያልፋል፣ በሜትር 2,170 ገደማ። አውሮፕላኑ የቆመው ድሬ ላይ ነው፤ የሚነሳው ግን ከሐረር ከተማ ከፍታ በላይ እንዳለ ሆኖ ነው። ሐረርም ብትሆን በ22 ዲግሪ 8,500 ጫማ ያህል ትሆናለች። ይሁንና ካርታው ላይ 2,350 ጫማ የነበረው ልዩነት ወደ 1,400 ወርዷል።

በዚህ አየር የፍጥነት ቆጣሪው 60 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው በ67 ኖት ግድም ነው። ስለዚህ ለመነሳት ረዘም ያለ መሬት ይበላል፣ ሲያርፍም ፍሬኑ ላይ የሚወድቀው ጉልበት በሩብ ያህል ይጨምራል። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ፒስተን ሞተር ደግሞ በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ አንድ አምስተኛ ጉልበቱ ሄዷል ማለት ነው። አየሩ ሳስቶ ነዳጁ እንዳለ ከቀጠለ ድብልቁ ይወፍርና ሞተሩ ይታፈናል። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት የነዳጁን መጠን መቀነስ አለበት፤ ከቆላ የመጣ አብራሪ በብዛት የሚረሳትም ይህችን ነው።

መድኃኒቱ ማለዳ ነው። በ20 ዲግሪ ያው መንደርደሪያ ከ5,400 ጫማ በታች ይሆናል።

«ከተነሱ በኋላ ወደ ጋራው ማቅናት ነው»

በደቂቃ 300 ጫማ የሚወጣ አውሮፕላን 1,000 ሜትር ለመውጣት 11 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በ90 ኖት ከበረረ በዚያ ጊዜ ውስጥ 30 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከድሬ ሐሮማያ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀትም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ጋራው ግን ሐሮማያ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ ቀድሞ ከፊት ይቆማል። ስለዚህ ከፍታው የሚገኘው ሜዳው ላይ እየዞሩ ነው። ከጋራው ጫፍ ቢያንስ 1,000 ጫማ፣ ነፋስ ሲበረታ 2,000 ጫማ በላይ ከተያዘ በኋላ ይታለፋል። አስተላለፉም ፊት ለፊት ሳይሆን በ45 ዲግሪ አግድም ነው፤ ከጋራው ጀርባ የሚወርደው አየር ወደ ታች ከጎተተ 90 ዲግሪ ብቻ ዞሮ ማምለጥ ይቻላል።

«መቀመጫው ባዶ ከሆነ ሰው ይጫናል»

ጎማና መቀመጫ አይተው አውሮፕላንን እንደ ሚኒባስ የሚቆጥሩ አሉ። የካራቫን 208ቢ ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 3,969 ኪሎ ነው። ታንኩ ሲሞላ ነዳጁ ብቻውን 1,000 ኪሎ ገደማ ይይዛል፤ አንድ ሊትር የጄት ነዳጅ 0.8 ኪሎ ስለሆነ 200 ሊትር ማለት ሁለት ትልልቅ ሰው ነው። ክብደት በ10 በመቶ ሲጨምር የመነሻው ርቀት በ20 በመቶ ያህል ይረዝማል። በዓይን መገመት ደግሞ ያሳስታል። ውሃ ተረጭቶ በቅጠል የተጠቀለለ የአወዳይ ጫት ደርቆ ከሚታየው ይከብዳል፣ ዝናብ የነካው ኩንታልም 100 ኪሎ አይደለም። ሁሉም ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ተሳፋሪውም ከነቦርሳው። ከዚያ በመረብ ይታሰራል፤ ሽቅብ ሲነሳ ጭነቱ ወደ ጭራ ከተንሸራተተ አፍንጫው ይነሳና አብራሪው መልሶ ሊያወርደው አይችልም።

«ሜዳ ካለ ያርፋል»

ማረፉስ ሊያርፍ ይችላል፤ ችግሩ መነሳቱ ነው። ከሐረር በስተምሥራቅ ያለው የቁንዱዶ ጋራ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ሣር የለበሰ፣ በዱር ፈረሶቹ የታወቀ ነው። ከፍታው ግን ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ከ3,700 ሜትር በላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል፤ እዚያ ያረፈ ትንሽ ፒስተን አውሮፕላን ከነጭነቱ የሚነሳበት ጉልበት ላያገኝ ይችላል።

የደረቀ ወንዝ አሸዋም ከላይ ሲታይ አስፋልት ይመስላል። ጎማ ሲነካው ግን ይሰምጣል፣ አፍንጫውም መሬት ይወጋል። መረሬ አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ነው፤ አንድ ሌሊት ዝናብ ካገኘው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ያቆመዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማረፍ በፊት አንድ ሰው መሬቱን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይለካል። ተረከዙን እየረገጠ ልስላሴውን ይፈትናል፣ ኩይሳ ያፈርሳል፣ ጉድጓድ ይደፍናል፣ ዳሩን ነጭ በተቀባ ድንጋይ ያመለክታል፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅ ይሰቅላል።

ቁጥሩ በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው የሚሄደው። የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ለመነሳት 400 ሜትር ይበቃል ካለ፣ እርጥብ ሣር በ1.3፣ የ2 በመቶ ዳገት በ1.1፣ ከመነሻው ፍጥነት አንድ አሥረኛ የሆነ የጀርባ ነፋስ በ1.2 ያባዛዋል፣ 686 ሜትር። መጠባበቂያው በ1.33 ሲታከል ከ900 ሜትር ያልፋል። ጠጠር ላይ ደግሞ ፍሬን ይዞ ሞተሩን ማስጮህ ክልክል ነው። ፕሮፔለሩ ጠጠሩን ስቦ ራሱን ይበላል፤ አውሮፕላኑ እየተንከባለለ ነው ጉልበት የሚጨመርለት። ግማሹን መንደርደሪያ ሲጨርስ ከመነሻው ፍጥነት 70 በመቶ ላይ ያልደረሰ ይቆማል። መነሻው 60 ኖት ከሆነ ይህ 42 ኖት ነው።

«አውሮፕላን ሁልጊዜ የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው»

በትልቅ ማረፊያ፣ አዎ። ተራራ ላይ ግን ዳገቱ ነፋሱን ያሸንፋል። የኔፓሉ ሉክላ 2,845 ሜትር ላይ ያለ፣ 527 ሜትር ብቻ የሚረዝምና 12 በመቶ ያህል የሚያዘነብል ነው፤ ከታችኛው ጫፉ እስከ ላይኛው የ60 ሜትር ያህል ከፍታ አለ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥም ከ10 በመቶ በላይ የሚያዘነብሉ ማረፊያዎች አሉ። ሽቅብ ይታረፋል፣ ቁልቁል ይነሳል፤ መግቢያና መውጫው አንድ ነው። ይህ የአሠሪዎቹ ጥፋት አይደለም። አቀበቱ ራሱ ፍሬን ነው፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ሲነሱ እንደ ተጨማሪ ሞተር ይገፋል።

አደጋው ዓይን ላይ ነው። አቀበታማ መንደርደሪያ አብራሪውን ከፍ ብሎ የመጣ ያስመስለዋል። ዝቅ ይልና ከጫፉ በፊት ያለውን ገደል ይመታል። ሲያርፍም አፍንጫውን ከሜዳው ይልቅ አብዝቶ ስለሚያነሳ ትንሽ ትርፍ ፍጥነት ይዞ መምጣት አለበት። መሬት ከነካ በኋላ ጉልበት ካልጨመረ መሃል ላይ ይቆማል፣ ከዚያ መጎተት ነው። ላይኛው ጫፍ ሲደርስ አግድም ዞሮ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግለታል፤ ያለዚያ ተሳፋሪው ሳይወርድ ወደ ኋላ ይንከባለላል።

ከሁሉ የሚከፋው መመለሻ አለመኖሩ ነው። ከፊት ጋራ ስላለ፣ ከአንድ ነጥብ ካለፉ በኋላ «ልዙርና ልሞክር» የለም። ያ ነጥብ አስቀድሞ ይመረጣል፣ ዛፍ ወይም ጎጆ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሲደረስ ፍጥነቱና ከፍታው ካልተስተካከለ ወይም መንደርደሪያው ላይ ፍየል ካለ ያኔውኑ ይዞራል። ፀሐይ ሲሞቅ ከሸለቆ ወደ ጋራ የሚነፍሰው ነፋስ ሽቅብ ለሚያርፈው የጀርባ ነፋስ ስለሚሆን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቀላል የነበረ ማረፊያ 6 ሰዓት ላይ ሊዘጋ ይችላል።

«በሸለቆ ውስጥ መሃሉን ይዞ መብረር ነው»

መሃሉን የያዘ ለመዞር ግማሹን ብቻ አለው። አንዱን ጎን ተጠግቶ የሚበር ሙሉውን ስፋት ያገኛል። በ90 ኖት፣ በ30 ዲግሪ ጋደል ብሎ ለመዞር 760 ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልጋል፤ በ120 ኖት 1,350። ስለዚህ ሸለቆው ከመጥበቡ በፊት ፍጥነት ይቀነሳል፣ ፍላፕ (በዝግታ ለመብረር ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ይወርዳል። በጠባቡ ገብቶ በ60 ዲግሪ ለመዞር መሞከር ደግሞ ክንፉ አየር የሚከዳበትን ፍጥነት በ41 በመቶ ያሳድገዋል።

«ሁለት ሞተር ካለው አይወድቅም»

ሁለት ፒስተን ሞተር ያለው ትንሽ አውሮፕላን አንዱ ሲጠፋበት የሚያጣው ጉልበት ግማሹን ነው፤ የመውጣት አቅሙን ግን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ያጣል። ጋራው ደግሞ ሞተር አይቆጥርም። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ቀን 1989፣ የአሜሪካውን የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ይበር የነበረው አውሮፕላን ባለ ሁለት ሞተር ትዊን ኦተር ነበር። በመጥፎ አየር ከጋራ ተጋጭቶ 16ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሞቱ።

«ወፍ ምን ታደርጋለች?»

በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988 ባሕር ዳር ላይ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ የገባበት ቦይንግ 737 ተከስክሶ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። የእህል አውድማ አጠገብ መንደርደሪያ አይሠራም።

«ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ካለ መንገዱ ክፍት ነው»

የደቻቱ ሰው ይህን ሊያምን አይገባም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ከተማዋን የጠረገው ጎርፍ የመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ደመናም እንዲሁ ነው፤ ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ጋራው ላይ መተላለፊያው ይዘጋል፣ በተለይ ከቀትር በኋላ። ጂፒኤስ ቀጥታ መስመር ያሳያል እንጂ ደመናውን አይገልጥም፤ ሬዲዮውም ጋራ ከጋረደው አይሰማም፣ ስለዚህ ቦታንና ሰዓትን ሸለቆ ከመግባት በፊት መናገር ነው።

ወደ ማረፊያው ሲደወል «አየሩ እንዴት ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» ይባልና ስልኩ ይዘጋል። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ከናንተ ማዶ ያለው ጋራ ጫፉ ይታያል? ጨርቁ ወደ የት ይነፍሳል? ሌሊት ዘንቧል? መንደርደሪያው ላይ አሁን የሄደ መኪና ጎማው ስንት ጣት ሰመጠ?