«የደጋ ልጅ ከፍታ አይነካውም» እና ሌሎች ተራራ ላይ የሚያዋርዱ ስህተቶች

ሲያትል የሚኖር ሐበሻ ሁሉ የሬይኒርን ተራራ ያውቀዋል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከአውራ ጎዳናው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቁመቱ 4,392 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን በጥቂቱ ያንሳል። ልዩነቱ ሬይኒር ላይ ከ20 በላይ የበረዶ ግግሮች መተኛታቸው ነው። ግግሩ ደግሞ ሰው የሚውጡ ስንጥቆች አሉት።

የተራራ መውጣት ትምህርት ጀምሬ የጀማሪዎቹን ኮርስ ጨርሼ ወደ መካከለኛው ደረጃ ስገባ ወዳጆቼ ቡና ላይ አላስቀምጥ አሉኝ። መካከለኛ ማለት ሰው የዘረጋው ገመድ ላይ መንጠልጠል ትተህ ራስህ ፊት ሆነህ መምራት የምትማርበት ነው። አብዛኛው ጥያቄያቸው እኔም ይዤው የገባሁት ስህተት ነበር።

«እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል?»

ይሄ ስህተት ግማሽ እውነት ስላለበት ይጣፍጣል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ተመረመሩ። የሄሞግሎቢናቸው (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠንና ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹም ተገረሙ።

ግን እነዚያ ሰዎች እዚያው የሚኖሩ ናቸው። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ባሕር ጠርዝ ተቀምጫለሁ። ሰውነት በመላመድ ያገኘውን አቅም ዝቅ ብሎ ሲኖር በሳምንታት ውስጥ ይለቀዋል። ሬይኒር ላይ 3,100 ሜትር ገደማ ያለው የመጀመሪያ ሰፈራችን ስደርስ ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ። ፈረንጆቹ ሾርባ ሲጠጡ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ራሴን ይዣለሁ። አገሬን አሰደብኩ!

ሯጭ መሆንም አያድንም። ጎበዝ ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ እንዲያውም ቶሎ ሊታመም ይችላል። የተለመደው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኛበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድግ ነው። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ እረፍትና ጊዜ ይበቃዋል። መንገዳገድ ወይም መቀባጠር ከተጨመረበት ግን ቶሎ መውረድ ነው። «ትንሽ እንየው» የሚባል ነገር የለም።

«ጡንቻ ካለህ ትወጣዋለህ።»

ጂም ውስጥ ብረት የሚያነሳ ጓደኛዬ እንዲህ ብሎኝ ነበር። የተራራ ቀን 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም 16 ሰዓት ይፈጃል። የሚያስፈልገው የልብና የሳንባ ጽናት ነው፤ ያ ደግሞ የሚገነባው ወሬ እያወራህ መሄድ በምትችልበት ፍጥነት ነው። የእኛ ሯጮች እንጦጦ ጫካ ውስጥ በጠዋት እንዴት ቀስ ብለው እንደሚሮጡ ያየ ሰው ይገባዋል። ስንጥቅ ውስጥ የገባን ሰው ማውጣትም የጉልበት ነገር አይደለም። ገመዱን በመዘውር አጣጥፈህ ጉልበትህን በሦስት ታባዛለህ። ሰበቃው ከዚያ ላይ የራሱን ይቀንሳል፤ ቢሆንም በክንድ ብቻ ከመጎተት የትና የት።

«በገመድ ከተያያዝን ማን ይወድቃል?»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚሞትበት ስህተት ነው።

ሐምሌ 14 ቀን 1865 እ.ኤ.አ. ሰባት ሰዎች ስዊዘርላንድና ጣሊያን ድንበር ላይ ያለውን የማተርሆርን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ። ሲወርዱ በአንድ ገመድ ተያይዘው ነበር። ልምድ ያነሰው ወጣት አዳለጠው፣ ከፊቱ ያለውን አስጎብኚ መታው፣ ሁለቱ ደግሞ ሌሎች ሁለት ጎትተው ወረዱ። ገመዱ መሐል ላይ ተበጠሰ። አራቱ ሞቱ፣ ሦስቱ ተረፉ። ገመዱ ባይበጠስ ኖሮ ሰባቱም ሊሄዱ ይችሉ ነበር።

ገመድ በራሱ ማንንም አይዝም። የሚይዘው መልህቅ ነው፤ ማለትም ገመዱ የሚታሰርበት፣ አለት ወይም በረዶ ላይ የተተከለ ነገር። ብዙም ተዳፋት ያልሆነ ግግር ላይ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ቢገባ ገመዱ የስንጥቁን ከንፈር እየበላ ስለሚገባ የቀሩት ተደፍተው ሊይዙት ይችላሉ። ቀጥ ባለ ጠንካራ በረዶ ላይ ያለ መልህቅ መያያዝ ግን አንዱ ሲሄድ ሁሉም እንዲሄድ መፈራረም ነው። ያን ጊዜ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ መልህቅ መትከል፣ ወይ ገመዱን መፍታት። የትኛው የት እንደሚሻል ማወቅ የመካከለኛው ደረጃ ትልቁ ትምህርት ነው። «በበረዶ መጥረቢያዬ ራሴን አቆማለሁ» የሚልም አለ። ለስላሳ በረዶ ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች፣ አዎ። መስተዋት በሆነ በረዶ ላይ ግን መጥረቢያው ከእጅህ ተነጥቆ ይሄዳል።

ፊት ሆነህ ስትወጣ ደግሞ ሒሳቡ ይሄ ነው፦ ገመድህን ከተራራው ጋር ካያያዝክበት የመጨረሻ ነጥብ 3 ሜትር ከፍ ካልክ የምትወድቀው 6 ሜትር ነው፣ የገመዱ መለጠጥ ሳይቆጠር።

«የበረዶ ናዳ የዕድል ጉዳይ ነው።»

አይደለም። ናዳ ውስጥ የሚገቡ አብዛኞቹ ሰዎች ናዳውን የሚያስነሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው ነው። አደገኛው ተዳፋት በብዛት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ነው፤ መለኪያ ይዘህ ማየት ትችላለህ። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ክፉኛ ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር አይደርስም። የሚቆፍርህ ጓደኛህ ነው፣ አካፋ ከያዘ።

«መሪው ከሁሉም ፈርጣማው ነው።»

የእኛ መሪ በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። ከሁላችንም በዝግታ ይራመዳሉ። ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሁላችንንም አስነስተው መንገድ ያስጀመሩን እሳቸው ናቸው፤ ፀሐይ በረዶውን ሳታላላውና ስንጥቁን የሸፈነው የበረዶ ድልድይ ሳይሳሳ ወጥተን መውረድ ነበረብን። በየሰዓቱ ማን እንደበላ፣ ማን ውኃ እንደጠጣ ይጠይቃሉ። እንደ እናት ይነዘንዛሉ።

ጫፉ ላይ ለመድረስ 200 ሜትር ገደማ ሲቀረን «እንመለስ» አሉ። ሰማዩ እንደ መስተዋት ነው። ሁላችንም አኮረፍን። ያን ቀን ደመና የሚባል ነገር ሳይመጣ መሸ፣ ምንም የደረሰ ነገር የለም። ታች ስንወርድ «ታዲያ ለምን መለሱን?» አልኳቸው። «አንዱ ልጅ አራት ሰዓት ሙሉ ምንም አልቀመሰም፤ በረዶውም እግር መዋጥ ጀምሮ ነበር» አሉኝ። እኔ ሁለቱንም አላየሁም። ዓይኔ ጫፉ ላይ ነበር።

በዓመቱ ተመልሰን ሄድን። ያኔ ደግሞ ነፋስ መለሰን።