ኢንፍራሬድ፦ ዓይን የማያየው ብርሃን

ኢንፍራሬድ ሲባል ብዙ ሰው የሆነ ምስጢራዊ ጨረር ይመስለዋል። ነገሩ ግን ያው ብርሃን ነው። የሞገዱ ርዝመት ከቀይ ብርሃን ስለሚበልጥ ዓይናችን አይዘውም፤ በቃ። ከ700 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ይጀምርና እስከ 1 ሚሊሜትር ይዘልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1800 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም (ብርሃንን ወደ ቀለማት በሚለይ መስታወት) በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ አልፎ፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ ያለው ቴርሞሜትር ጭራሽ ከሌሎቹ በልጦ ሞቀ።

“ኢንፍራሬድ ማለት ሙቀት ነው” የሚባለው ግን ትንሽ ያሳስታል። ገላችን ኢንፍራሬድ ጨረር ይለቃል፤ በብዛት የሚለቀው በ10 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር ሺኛ ነው) የሞገድ ርዝመት አካባቢ ነው። የሙቀት ካሜራ በድቅድቅ ጨለማ ሰውን የሚለየው በዚህ ነው። የቲቪ ሪሞት ደግሞ ምንም ሳይግል ኢንፍራሬድ ይልካል። የሁለቱ ሞገድ በጣም ስለሚራራቅ የሪሞቱን የሙቀት ካሜራው አያየውም።

የስልክ ካሜራ ግን ሊያየው ይችላል። ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙሩና ቁልፉን ተጫኑ። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ስክሪኑ ላይ ነጣ ወይም ወይንጠጅ ብላ ብልጭ ድርግም ትላለች። ካልታየቻችሁ በፊት ለፊት ካሜራው ሞክሩ፤ የኋላው ብዙ ጊዜ ኢንፍራሬድን የሚያግድ ጠንከር ያለ ማጣሪያ አለው።