የኪራይ ጀልባ ከመዝናኛ ቦታ ሲጠፋ፦ ከጅማ ዙሪያ ሲታይ

ጅማ የውሃ ድሃ አይደለችም። አዌቱ ወንዝ መሃል ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል። ዝናቡም ሰኔን አይጠብቅም፤ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘልቃል። በአዲስ አበባ መውጫ በኩል ጉማሬ የሚኖርበት የቦዬ ረግረግ አለ። በዚያው መንገድ ገፋ ሲሉ የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ይመጣል። እንዲያም ሆኖ ለብዙ የጅማ ቤተሰብ ጀልባ ላይ መውጣት ማለት ሻንጣ ይዞ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ መሄድ ነው። በጪዳ በኩል ወደ ዳውሮ ለሚወርድ ደግሞ ሃላላ ኬላ አለ፤ የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ዳር የተሠራ ሪዞርት ነው።

ስለዚህ ጀልባው ከአንድ መዝናኛ ሲጠፋ አብዝቶ የሚናደደው ከሩቅ የመጣው ሰው ነው። ልጆቹ መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ የመጡት ስለ ጀልባው ነዋ! ሲደርሱ አልጋው አለ፣ የዓሣ ጥብሱ አለ፣ ጀልባው የለም። የእንግዳ መቀበያው ልጅም «ለጊዜው ቆሟል» ይላል። ይህቺ «ለጊዜው» አንዳንዴ ዓመት ትሻገራለች።

የጀልባ ኪራይ በአገራችን ሐይቆች ላይ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዳንዱ ሪዞርት ጀልባውን ራሱ ገዝቶ፣ ነጂ ቀጥሮ ያሠራል። ሌላው ጋ ጀልባው የአካባቢው ሰዎች ወይም የማህበር ንብረት ሆኖ ሪዞርቱ እንግዳ ይልክላቸዋል። ሐዋሳ ላይ በፍቅር ሐይቅና በአሞራ ገደል በኩል እንግዳ እየጠሩ የሚያሳፍሩ ጀልባ ነጂዎች አሉ፤ ያ ገበያ በአንድ ሆቴል ላይ ስላልተንጠለጠለ አንዱ ቢያቆም ሌላው ይቀጥላል። ሪዞርት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ጥቂት ጀልባ ነው። አንዱ ሲበላሽ አገልግሎቱ በጣም ቀነሰ ማለት ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ጀልባ የለም» ብሎ የሚወስን ሥራ አስኪያጅ ብዙ አይገኝም። ነገሩ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ አንደኛው ጀልባ ይበላሻል። መለዋወጫ እስኪመጣ ተብሎ ሣር ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል። ከዚያ የእሱ ሞተር ለሌላኛው መጠገኛ ይፈታታል። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ፋይበሩ ይሰነጠቃል። ነጂው በበኩሉ ደመወዝ ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ ጉርሻው ከቀረ ባጃጅ ይይዛል። በዓመቱ ጀልባውም ነጂውም የውሃ ሽታ ይሆናሉ። የሚቀረው በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሥዕል ነው።

ቤንዚኑ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ጀልባ ማደያ ድረስ ተነድቶ አይሄድ፤ ነዳጁ በጀሪካን መምጣት አለበት። በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ኮንትሮባንድን ለመከላከል ሲባል ተከልክሏል፣ ወይም ፈቃድና ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤ ያጣ ከጥቁር ገበያ ይገዛል፤ ያኔ የግማሽ ሰዓት ሽርሽር ዋጋ ለቤተሰብ አይቀመስም። ሞተሩም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብሩ ብዙ ረክሷል፤ የሞተር ዋጋም አብሮ ወጥቷል። ሂሳብ ሠራተኛው ቁጥሩን ሲያይ አልጋና ምግብ ያተርፋል፣ ጀልባው ይከስራል። እሱን ብጠላውም አልፈርድበትም። ጀልባውን አይቶ የሚመጣው እንግዳ የተከራየው አልጋ በጀልባው መዝገብ ላይ አይጻፍምና።

ከገንዘቡ ይልቅ ክፉው ግን ውሃው ራሱ ሲለወጥ ነው። ተንጠልጣይ የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚስበው የሐይቅ ውሃ ነው። ደህና ሲሆን ከጎኑ ቀጭን የውሃ ጅረት ይተፋል። ነጂዎች ዓይናቸው ከዚያች ጅረት አይነቀልም። ከቀጠነች ወይም ከተቋረጠች ጭቃ ወይም አረም መግቢያውን ዘግቶታል ማለት ነው፤ ወዲያው ካልጠፋ ሞተሩ ይቃጠላል። አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ደግሞ ሞተሩን ወደ ላይ አንስቶ በእጅና በቢላ መፍታት ነው። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ጀልባ ነጂውንና ዓሣ አስጋሪውን ያሰቃየው እንዲህ ነው። ሐረማያ የባሰ ነበር። እዚያ በ1990ዎቹ ሐይቁ ራሱ ደረቀ።

ወደ ጅማ ስንመለስ ግልገል ጊቤ የራሱ ጠባይ አለው። ግድቡ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ነው። ኃይል አመንጭቶ የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ገብቶ ግልገል ጊቤ 2ን ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ ሐይቁ የተሠራው ክረምት ሊሞላ፣ በጋ ሊጎድል ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ በሆነበት በኩል ውሃው ትንሽ ሲወርድ ዳሩ ብዙ ይሸሻል። በጥቅምት ውሃ ላይ የነበረ መሳፈሪያ ሚያዝያ ላይ ጭቃ ላይ ይቆማል። ለዓሣ አስጋሪው ይህ ችግር አይደለም፤ ታንኳውን እየጎተተ ውሃውን ይከተላል፣ ቆሮሶ ዓሣውን ያወጣል። ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ እንግዳ ግን ጭቃውን አቋርጦ አይሳፈርም። ከዙሪያው እርሻ የሚታጠበው አፈርም ወደ ሐይቁ እየገባ ደለል ይሆናል። በሐይቁ አቅራቢያ ወባ እንዳለም መታወቅ አለበት፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለግድቡ ቀርበው የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት የበለጠ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ማምሻ ላይ በጀልባ መሄድ ደስ ይላል፤ ቢምቢዋም የምትወደው ያንኑ ሰዓት ነው።

ቦዬ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የከተማው ፍሳሽ በአዌቱ በኩል ወደዚያው ይወርዳል። ጅማ ዙሪያ ረግረጉ እየተቆፈረ ሸክላው ለጡብ ይውላል፣ ዳር ዳሩ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ከብት ይግጥበታል። ቄጤማው የከተማውን ቆሻሻ እያጣራ፣ ለውሃ ወፎች መጠለያ ሆኖ እዚህ ደርሷል። ቦዬ ላይ ሞተር ጀልባ ይግባ የሚል ሐሳብ ብሰማ እኔ አልደግፍም። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ተኝቶ አይታይም፤ ትንሽ ጀልባ ከላዩ ካለፈች ይገለብጣታል። ለቦዬ የእንጨት መመልከቻ ማማና ጥሩ ባይኖክላር ይበቃል።

ጀልባ የሚያስኬድ ውሃ ላይ ግን መመለስ ይቻላል፤ ሞተር ካልሆነ ሞት ነው ካልተባለ። በእግር የሚዘወረውም ሆነ መቅዘፊያ ያለው ጀልባ ቤንዚን አይጠይቅም፣ ብልሽቱን የሰፈር በያጅ ይጨርሰዋል። ተንሳፋፊ መሳፈሪያ ከተሠራ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል፤ በርሜል አስሮ ሳንቃ መደርደር ነው። ሰፊ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበት የመቅዘፊያ ጀልባ ጠዋት ብቻ ቢሠራ ይሻላል።

ከጅማ ለሚነሳ ሰው አንድ ምክር አለኝ። ስልክ ሲደውሉ «ጀልባ አላችሁ?» አይበሉ፤ መልሱ ሁሌም «አለ» ነው። «ባለፈው ቅዳሜ ጀልባ ወጥቷል?» ብለው ይጠይቁ። የልጅ ልክ ላይፍ ጃኬት መኖሩንም አብረው ያጣሩ።